የመኪና ብልሽትን አስቀድሞ የሚያስሰው ሰንጠረዥ የሚስተው የት ላይ ነው?

በአውሮፓውያኑ 2014 የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ምክንያቱ ቁልፍ የሚገባበት አነስተኛ የሞተር ማስነሻ ክፍል ነበር። ክፍሉ ቁልፉን በቦታው አጥብቆ መያዝ ባለመቻሉ፣ በቁልፍ መያዣው ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ሲጎትተው ወይም የአሽከርካሪው ጉልበት ሲነካው ቁልፉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መኪናው በጉዞ ላይ ሳለም ሞተሩ ይጠፋል። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ ከዚሁ ጉድለት ጋር በተያያዘ ለ124 ሟቾች ቤተሰቦችና ለ275 ጉዳተኞች ካሳ እንዲከፈል ወስኗል።

የመኪናው ኢንዱስትሪ እንዲህ ያለውን አደጋ ገና በንድፍ ደረጃ የሚያስስበት ዘዴ አላጣም። ዘዴው የብልሽት ዓይነቶችና የውጤታቸው ትንተና ይባላል፤ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ‘ኤፍ ኤም ኢ ኤ’ ይሉታል። መነሻው የአሜሪካ ጦር በ1949 ያወጣው መመሪያ ነው። በ1960ዎቹ ናሳ ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ተጠቀመበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የፒንቶ መኪናው የነዳጅ ታንክ ከኋላ ሲገጭ በእሳት እየተያያዘ ብርቱ ትችት ያስከተለበት ፎርድ ወደ መኪናው ዘርፍ አመጣው። ዛሬ ለታላላቅ አምራቾች ዕቃ ማቅረብ የሚፈልግ ፋብሪካ ይህን ትንተና ማቅረብ ግዴታው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ንድፍ አውጪዎች፣ የምርት ባለሙያዎችና የጥራት ተቆጣጣሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ክፍል ይህ ዕቃ እንዴት ሊበላሽ ይችላል፣ ቢበላሽ ምን ያስከትላል፣ መንስኤውስ ምን ሊሆን ይችላል ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለንድፉም ለምርት ሂደቱም ይቀርባል። ለአንድ ብሎን የንድፉ ጥያቄ ‘ጫናውን ይችላል ወይ?’ የሚል ሲሆን፣ የሂደቱ ጥያቄ ደግሞ ‘ሠራተኛው በደንብ ሳያጠብቀው ቢያልፍስ?’ የሚል ነው። ከዚያም ለጉዳቱ ክብደት፣ ለመከሰት ዕድሉና አስቀድሞ ለመያዝ ለሚኖረው አዳጋችነት ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል።

ለረጅም ጊዜ ሦስቱ ነጥቦች ተባዝተው በሚገኘው ውጤት ቅደም ተከተል ይወጣ ነበር። እዚህ ላይ ሒሳቡ ራሱ ያሳስታል። ሰው ሊገድል የሚችል፣ ነገር ግን እምብዛም የማይከሰትና በቀላሉ የሚያዝ ብልሽት 10 በ2 በ2 ተባዝቶ 40 ያገኛል። አሽከርካሪውን የሚያበሳጭ የሬዲዮ እክል ደግሞ 4 በ5 በ5 ተባዝቶ 100 ይደርሳል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሥራ አስኪያጅ ወደ ሬዲዮው ይሄዳል። የአሜሪካና የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበራት በ2019 ባወጡት የጋራ መመሪያ ብዜቱን ትተው፣ ለጉዳቱ ክብደት ቅድሚያ በሚሰጥና እርምጃውን ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ብሎ በሚከፍል ስልት ተክተውታል።

ማሻሻያው ተገቢ ነው። የጄኔራል ሞተርስን ዓይነት ስህተት ግን ብቻውን አያስቀርም፤ ስህተቱ ከሒሳቡ በፊት፣ ‘ቢበላሽ ምን ያስከትላል?’ ለሚለው ጥያቄ በተሰጠው መልስ ላይ ነበርና።

ጉድለቱ ተሰውሮ የቆየ አልነበረም። ክፍሉ በ2002 ሲጸድቅ ከተቀመጠለት መስፈርት በታች ነበር። በ2005 ኩባንያው፣ ደንበኞች ከባድ ዕቃ ከቁልፍ መያዣቸው ላይ እንዲያነሱ እንዲመከሩ ለአከፋፋዮቹ ማሳሰቢያ ልኳል። የቀድሞው የፌደራል ዐቃቤ ሕግ አንቶን ቫሉካስ ያካሄዱት ምርመራ እንዳመለከተው፣ መሐንዲሶቹ በጉዞ ላይ የሞተር መጥፋትን ከደኅንነት ይልቅ እንደ ‘የደንበኛ ምቾት’ ጉዳይ ነበር የመደቡት። ያላስተዋሉት፣ ቁልፉ ሲንሸራተት ኤርባጉም አብሮ ከሥራ ውጭ እንደሚሆን ነው። የኤርባጉን ሥርዓት የሠራው ቡድን ሌላ፣ የቁልፉን ክፍል የሚከታተለው ሌላ ነበር። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ቢሰማ ኖሮ፣ ‘ምቾት’ የተባለው ጉዳይ ወደ 10 የተጠጋ የክብደት ነጥብ በተሰጠው ነበር።

በ2006 የክፍሉ ንድፍ ሲሻሻል የመለያ ቁጥሩ ሳይቀየር ቀረ። በዚህም የተነሳ አደጋዎቹን የሚመረምሩ ባለሙያዎች ችግሩ በኋላ በተሠሩት መኪኖች ላይ ለምን እንዳልታየ ለዓመታት ግራ ተጋብተዋል። ኩባንያው በ2015 የወንጀል ክሱን ለማስቆም 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ይኸው ኩባንያ በ2021 ሌላ ፈተና ገጠመው። ባትሪያቸው በእሳት ሊያያዝ ይችላል በሚል ስጋት ከ140 ሺህ በላይ ቼቭሮሌት ቦልት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ጠራ። መንስኤ ተብለው የተገለጹት በአንድ የባትሪ ሕዋስ ውስጥ በአንድ ጊዜ የተገኙ ሁለት የምርት እንከኖች ናቸው። ሰንጠረዡ በተለምዶ የሚመረምረው ብልሽቶችን አንድ በአንድ ነው፤ ሁለት ብርቅ እንከኖች ሲገናኙ የሚሆነውን ለማየት ሌላ ዓይነት ትንተና ያስፈልጋል።

በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ባገደችው ኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ትንተናው መኪናው ከተሸጠ በኋላም ከጋራዥና ከደንበኛ በሚመጣ አቤቱታ እየታረመ መሄድ አለበት። በግለሰብ አስመጪ በኩል፣ አምራቹ ይፋዊ ወኪል ወደሌለው ገበያ የገባ መኪና ግን ብልሽቱ ለፋብሪካው የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ነው። የጥገና ጥሪ ደብዳቤም የሚላከው መኪናው መጀመሪያ በተመዘገበበት አገር ላለው ባለቤት ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገራት ወይም ከአሜሪካ ተገዝቶ ወደ አገር ቤት ለዘመድ የሚላክ ያገለገለ መኪናም ከዚሁ ሰንሰለት ይወጣል።

በአሜሪካ ለገበያ የቀረበን መኪና የሚገዙ ሰዎች፣ መኪናው ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ እንዳለበት ከመላካቸው በፊት ማረጋገጥ ይችላሉ። ባለ 17 ሆሄና አኃዝ የሻንሲ ቁጥሩን በአገሪቱ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ማስገባት በቂ ነው። በጥሪው መሠረት የሚደረገው ጥገና በጥቅሉ ያለ ክፍያ ነው፤ ይሁንና የሚሠራው መኪናው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት፣ አምራቹ ዕውቅና በሰጠው አከፋፋይ ዘንድ ነው።