ስለ ውጭ አገር ኑሮና ስለ መኪና አደጋ ዕዳ

የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ጓደኛ ሲሸኝ ምክሩ ይበዛለታል። ብርድ እንዳይመታህ፥ ከክፉ ባልንጀራ ራቅ፥ አገርህን አትርሳ ይባላል። ሽሮውና በርበሬው በሻንጣ ይታሰራል። «መኪና ስትነዳ ሰው ብትገጭ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን አይገኝም። እንዲህ ያለው ጥያቄ እንደ ሟርት ይቆጠራልና። እኛ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም መባባሉ ተማሪውንም ተጎጂውንም ይጎዳል ብለን እናምናለን።

ደግሞም ውጭ አገር ስንል ባሕር ማዶን ብቻ እያሰብን አይደለም። አብረውን ለሚማሩት ለደቡብ ሱዳንና ለሶማልያ ልጆች ውጭ አገራቸው ይህችው ባሕር ዳር ናት። እነርሱስ ስለ እኛ ሕግ ማን ነገራቸው? እኛ ራሳችን መቼ አውቀነው!

በብዙ አገር የካሣ ክርክር የሚዳኘው ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ መሠረቱ ይኸው ነው። የተማሪ ፓስፖርትም የዲፕሎማት ፓስፖርት አይደለም። ቆንስላው እስር ቤት መጥቶ ሊጠይቅ፥ የጠበቃ ስም ሊሰጥ ይችል ይሆናል፤ ዕዳ ግን አይከፍልም፥ ችሎትም አያስቀርም።

እንግዲህ ከዚሁ ከቤታችን እንጀምር። እንበልና አንድ የውጭ አገር ጓደኛችን ቅዳሜ ዕለት ጢስ ዐባይን ለማየት ሞተር ብስክሌት ተዋሰ። ያዋሰው ጎረቤቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ አልጠየቀም። በመንገድ ላይ ከገበያ የምትመለስ አሮጊት ተገጩ። ዕዳው የማን ነው? ከመካከላችን ብዙዎቹ «የነጂው ነዋ!» እንደሚሉ አንጠራጠርም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በቁጥር 2081 ባለንብረቱን ይይዛል። የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ባለንብረቱ ኃላፊ ነው፤ የሚድነው በዚያን ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደ ነበር ሲያስረዳ ነው። የተጎጂው ጥፋት ካለ በዚያው ልክ ይቀነስለታል። ከከፈለም በኋላ ወደ ነጂው መመለስ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን በደግነት ያዋሰው ጎረቤት ፍርድ ቤት ሲቆም፥ እንግዳው ደግሞ የጎረቤቱን ዕዳ ተሸክሞ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ነገሩ ግን ለባላገሩ የሚያደላ ይመስለናል፥ ማድላቱም ትክክል ነው። አሮጊቷ የሚያውቁት የመታቸውን ሞተር ነው፤ ማን ለማን እንዳዋሰው ከወዴት ያውቃሉ?

የማያደላበትም ቦታ አለ። ያው ሕግ በቁጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውን ካሣ ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. 1 ሺህ ብር ብዙ ከብት ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ደኅና ጫማ እንኳ አይገዛም። በ2005 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣም ኢንሹራንሱ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፍለው ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር ነበር። እናቱን ያጣ ሕፃን በዚህ ስንት ዓመት ይማራል? የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ ይህን ቢመለከቱት ደስ ይለን ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ሄደው ወንድማችን እንመለስ። እርሱን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይዞት የሄደው ልማድ ነው። በገጠር መንገድ ላይ ሰው የገጨ ሾፌር መኪናውን ሳያቆም ወደሚቀጥለው ፖሊስ ጣቢያ ሲበር እናውቃለን። የሚፈራው የሟቹን ዘመድ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ዞር ማለትን ብልኅነት ብለን አድገናል። በጀርመን አገር ግን ከአደጋ ቦታ መሄድ በወንጀል ሕጋቸው ቁጥር 142 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በቆመ መኪና መስተዋት ላይ ስልክ ቁጥር ጽፎ ትቶ መሄድ እንኳ አያድንም። በእንግሊዝ የ1988 እ.ኤ.አ. የመንገድ ሕግ ሰው የተጎዳበት ነጂ ቆሞ ስሙንና አድራሻውን እንዲሰጥ ያዛል፤ ይህን ሳያደርግ የቀረ እንደ ደረሰለት፥ ቢዘገይም በ24 ሰዓት ውስጥ፥ ለፖሊስ ማመልከት አለበት። በእኛም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 575 የጎዱትን ሰው ሳይረዱ ጥሎ መሄድ ያስቀጣል።

ከአገር ወጥቶ መሄድስ? በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኖርዝሃምፕተንሽየር ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት እንደ አገሯ ቀኙን ይዛ ስትነዳ የ19 ዓመት ሞተረኛ ገጭታ ገደለች። በባሏ ሥራ ምክንያት የዲፕሎማት ከለላ አለኝ ብላ ወደ አሜሪካ ተመለሰች። ወላጆቹ ግን አልተዋትም። በቨርጂንያ ፍርድ ቤት የካሣ ክስ መሠረቱ፤ ይኸም በ2021 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የ8 ወር እስራት በገደብ ተፈረደባት። ቅጣቱ አነሰ የሚል ብዙ ነው፥ እኛም ከነዚያው ወገን ነን። ቢሆንም መንግሥት የቆመላት ሴት እንኳ ከነገሩ ካላመለጠች፥ በትምህርት ቪዛ የሄደ የባሕር ዳር ልጅ ወዴት ሊደርስ ነው?

የመንገዱ አቅጣጫ ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ ራሷ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ኬንያ ዛሬም በግራ ትነዳለች፤ ሞያሌን የተሻገረ ሰው ልማዱን ኬላው ላይ ትቶ መሄድ አለበት።

ሌላም የሚያሳስበን አለ። የኛ ሰው የወደቀ ሲያይ «እኔን!» ይላል። ጥፋቱ የሌላው ቢሆንም «ይቅርታ፥ እኔን ይድፋኝ» ብሎ ደግፎ ያነሣል። አንዳንዶች ይህ በውጭ አገር ጥፋትን እንደ ማመን ይቆጠራልና አፍህን ዝጋ ብለው ይመክራሉ። ምክሩ አልተዋጠልንም። እንግሊዞች እንኳ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ይቅርታ መጠየቅና ለማሳከም እሺ ማለት ብቻውን ጥፋተኝነትን ማመን እንዳይሆን ደንግገዋል። «እኔን» ይባል፤ ቁስሉም ይታሰር። አንብበው በማይረዱት ወረቀት ላይ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው፤ አስተርጓሚና ጠበቃ እስኪመጣ መጠበቅ ነውር የለበትም።

ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ለአዲስ ገቢዎች በሚደረገው አቀባበል ላይ አንድ ሰዓት ለዚህ ጉዳይ ይሰጥ። የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁጥር 2081ን በአንድ ገጽ አማርኛ፥ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ጽፈው ያባዙና ለውጭ አገር ጓደኞቻችን ያድሉ። ወደ ውጭ የሚሄዱትም ከመሳፈራቸው በፊት ሦስት ነገር ጠይቀው ይወቁ፤ በዚያ አገር መንጃ ፈቃዳችን ይሠራል ወይ፥ የሚዋሱት መኪና ኢንሹራንስ እነርሱን ይጨምራል ወይ፥ አደጋ ሲደርስ የሚደወለው ቁጥር ስንት ነው። ለማባዣው ወረቀትና ቀለም ማኅበሩ ገንዘብ ቢያጥረው ከየክፍሉ እናዋጣለን፤ መዋጮውን የሚሰበስብ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ይመረጥ።