ወፍ የዘራው፣ እጅ የመረጠው

ባሕር ማዶ የምትኖረው እህቴ ባለፈው ሐምሌ አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ጉሮሮው ወደ ቀይ ያደላ ቢጫ አበባ ነው። ከሥሩ «ዛሬ አበበች» ብላ ጽፋለች። ስደውልላት ደስታዋ ከድምፅዋ ይሰማል። «ሦስት ክረምት ጠበቅኳት። ነገ ጠዋት የለችም፤ ቶሎ እያት ያልኩህ ለዚህ ነው» አለችኝ።

አበባው ዴይሊሊ ይባላል። መነሻው ምሥራቅ እስያ ነው፤ የሳይንስ ስሙም በግሪክ «የአንድ ቀን ውበት» እንደ ማለት ነው። ጠዋት የፈካው አበባ ማታ ይጠወልጋል፤ በማግሥቱ ሌላው እምቡጥ ይተካዋል። ከሥሩ ተከፍሎ ከተተከለ ቁርጥ እናቱን ነው። ከዘር ሲበቅል ግን ልጁ ከእናቱ ይለያል፤ ምን መልክ ይዞ እንደሚመጣ እስኪያብብ ድረስ ማንም አያውቅም። እህቴ ጥቋቁር ፍሬዎቹን ለጥቂት ሳምንታት ፍሪጅ ውስጥ አቆይታ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ዘርታ፣ መስኮት ሥር አብቅላ ነው ለዚህ ያደረሰቻቸው።

ከአበባው ይልቅ ዓይኔን የያዘው ግን ተክሉ ሥር የተሰካው ትንሽ እንጨት ነው። የእናቲቱ ስም፣ የአባትየው ስም፣ የተዘራበት ቀን ተጽፎበታል። የዚህ አበባ ወዳጆች በአሜሪካ በ1946 ማኅበር አቋቁመዋል (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስካሁን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ስም ወጥቶላቸው ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹን ያወጡት በየጓሯቸው እየዘሩ፣ ከብዙው ጥቂቱን እየመረጡ፣ የመረጡትንም እየጻፉ የኖሩ ተራ ሰዎች ናቸው።

ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት እህቴ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «የእማዬ የበር ዳሯ ቡና አለች?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እኔና እህቴ ያደግነው መቱ ነው። ጓሯችን ከላይ ዋንዛ፣ ከታች ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ከአጥሩ ጥግ ደግሞ እንሰት ነበረበት። በበጋው መጨረሻ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በጣለ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ውስጥ ቡናው ሁሉ ነጭ ለብሶ ያድራል። ሽታው መንገድ ድረስ ይሰማል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። እናቴ «የቡና አበባ ሙሽራ ናት፤ ጫጉላዋ ሦስት ቀን ነው» ትል ነበር። ለችግኝ የሚሆነውን ፍሬ የምትለቅመው ከአንዲት ዛፍ ብቻ ነበር፤ ከበሩ ዳር ካለችው። ሌላው ቡና ሲጠቁርና ሲራገፍ እርሷ ፍሬዋን ይዛ የምትቀር ዛፍ ነበረች። እናቴ አረፈች። የበር ዳሯም አርጅታ ወደቀች። ልጆቿ በጓሮው ውስጥ አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን የሚያውቅ የለም። ምርጫው በእናቴ ራስ ውስጥ ብቻ ነበር፤ አብሯት ሄደ።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም። በኢሉባቦር ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙ እስከ ያዩ ብዙው ቡና ወፍ ዘራሽ ነው። ወፉና ጦጣው ጣፋጩን ይበሉና ፍሬውን ይጥሉታል፤ በዛፉ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ክረምት ሲገባ ሰው ይነቅለውና ክፍት ቦታ ላይ ይተክለዋል። ትውልድ የኖረበት መንገድ ነው፤ አክብሬው ነው የማነሣው። ሆኖም ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው፣ የእናቱ ማንነት አይታወቅም። ፍሬዋ ሳይበስል ከሚጠቁርባት ትሁን ከማይጠቁርባት፣ የሚነግረን የለም። ሁለተኛው ሥሩ ነው። ከደን መሬት በኃይል የተነቀለ ችግኝ ሥሩ ይቆረጣል ወይም ይታጠፋል።

የታጠፈ ሥር የሚያመጣውን እኔ በገንዘቤና በዕድሜዬ ከፍዬ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት አርባ የቡና ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። ቅጠላቸው የሚያብረቀርቅ፣ ቁመታቸው የተስተካከለ ነበር። ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ፍሬ ልለቅም ስዘጋጅ፣ በበጋው ቢጫ ሆነው መርገፍ ጀመሩ። አንዱን ስቆፍረው ዋናው ሥር እንደ ከዘራ እጀታ ተቆልምሟል። ዝናብ እያለ ከላይ ከላይ ባገኘው እርጥበት ኖሯል፤ መሬቱ ሲደርቅ ወደ ታች መውረድ አቃተው። ገንዘቡ ይመለስ ይሆናል፤ ሦስቱ ዓመት ግን አይመለሱም።

ዘር መምረጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ የመቱ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቢሻሪ የምትባለው ቦታ ቅርባችን ናት። ታሪኳ የሚጀምረው ከአንድ በሽታ ነው። በኬንያ በ1922 የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን የገባው በ1971 ነው። ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ለጋው ፍሬ ጠቁሮና ደርቆ የሚቀርበት በሽታ ነው፤ እንደ እኛ አገር ዝናብና ጉም በሚበዛበት ደግሞ ይብሳል። ብዙ ገበሬ በጎተራው ጀንፈል ሳያስገባ የቀረበት ዘመን ነበር። ጅማ መልኮ ያለው የቡና ምርምር ማዕከል ከተቋቋመ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ተመራማሪዎቹ የያዙት መንገድ ቀላልና ጥበብ ያለበት ነው። በሽታው ወደበረታበት ቡና ገቡ፤ በታመሙት መካከል ንጹሕ ሆና የቆመችውን ዛፍ ፈለጉ፤ ፍሬዋን ለቅመው ዘሩ፤ ችግኞቹንም ለበሽታው አጋልጠው ፈተኑ።

አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ በ1974፣ ከመቱዋ ቢሻሪ የተመረጡ ዛፎች ቁጥር ተሰጣቸው፤ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158፣ 74165። የፊተኛው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። 74110 እና 74112 አምስት ዓመት ያህል ተፈትነው በ1979 ገደማ ለገበሬው ተሰጡ። ዛሬ ሲዳማ፣ ጌዴኦና ጉጂ ውስጥ በሰፊው ይለማሉ። ጥሩ ቡና የሚቆሉ የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የጃፓን ቤቶች ቁጥራቸውን ማሸጊያው ላይ ያትማሉ። ቁጥሩን የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ቢሻሪን የሚያውቁ ጥቂቶች። ከመቱ ልጆችም ስንቶቻችን ይህን ታሪክ ሰምተን አደግን?

ያን ሥራ የሠሩት ሰዎች ያደረጉት እህቴ በጓሮዋ የምታደርገውን ነው፤ መረጡ፣ ጻፉ፣ ጠበቁ። እንዲያውም ለእኛ ይቀልለናል። ዴይሊሊ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ የእኛ ቡና፣ አረቢካ፣ በአብዛኛው የሚራባው በገዛ አበባው ብናኝ ስለሆነ ልጁ እናቱን ይመስላል። መልካም እናት የመረጠ ሰው መልካም ልጆች ያገኛል። ይህን ዕድል በወፍ ላይ ጥሎ መተኛት ትልቅ ጥፋት ነው።

እንግዲህ እናቴ ስታደርግ ያየሁትንና ኋላም ከግብርና ባለሙያዎች የተማርኩትን ላካፍል። እናት ዛፍ በአንድ ዓመት አትመረጥም። ሁለት ሦስት ዓመት፣ በተለይም ክፉውን ዓመት፣ ተመልከቷት። ሌላው ሲጠቁር ንጹሕ የሆነች፣ አንድ ዓመት ሰጥታ አንድ ዓመት የማትነፍግ ትሁን። ግንዷ ላይ ጨርቅ እሰሩባት። ልቅሞሹ ሲጋመስ፣ ከመካከለኛ ቅርንጫፎቿ በደንብ የቀላውን እሸት ብቻ ልቀሙ። ውኃ ውስጥ ጨምሩት፤ የተንሳፈፈውን ለዩት። በእጅ ፈልፍላችሁ ልጣጩን አውጡ፤ ማላማሉን አሽታችሁ እጠቡ። ቅሽሩን ሳትነኩ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ወንፊት ወይም ሰሌን ላይ አስጡት። እናቴ «ፀሐይ ያየ ዘር ለጀበና እንጂ ለመሬት አይሆንም» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። የተሰባበረውን፣ የተበሳውን፣ ነጠላና ድቡልቡል የሆነውን አስወግዱ። ከገበያ የተገዛ ጀንፈል ወይም የከረመ ቡና አትዝሩ፤ የቡና ዘር ወራት በቆጠረ ቁጥር የመብቀል ኃይሉ ይደክማል።

አፈሩ ሦስት እጅ ከደን የመጣ የላይኛው አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ይሁን። በመደብም ሆነ በፕላስቲክ ከረጢት፣ የፍሬው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ታች ሆኖ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበር። ሣር ጎዝጉዙበት፤ አታጥለቅልቁት፣ አታድርቁትም። አንድ ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር ምንም ሳታዩ ልትቆዩ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቡቃያዋ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች፤ ቀጥላም ቅሽሯን እንደ ቆብ ደፍታ ቀጥ ትላለች። በመጨረሻ ቆቡ ይወልቅና ሁለት ክብ ቅጠሎች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ይዘረጋሉ። ያን ቀን ጉዝጓዙን አንሡላት፤ ፀሐይ በወንፊት እንደሚያልፍ ብቻ የሚደርሳት ዳስ ሥሩላት። ሰኔ ሲቃረብ ዳሱን በጥቂት በጥቂቱ አሳሱት፤ ፀሐይ ትልመድ።

ጉድጓዱ በበጋ ይቆፈር፤ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር። ከአንዱ ወደ ሌላው ሁለት ሜትር ያህል ይሁን። ችግኟ ስድስት ያህል ጥንድ ቅጠል ስታወጣ፣ ክረምቱ ሲጠና፣ ከረጢቱን ቅደዱና ዋናውን ሥር እዩት። ጫፉ ከታጠፈ የታጠፈውን ቁረጡ፤ መካከሉ ከተቆለመመ አትትከሏት። ቁመቷ ካልደረሰም ለሚቀጥለው ክረምት ማቆየት ይሻላል። ሦስት አራት ዓመት ቆይታ ፍሬ ትሰጣለች።

አንድ ነገር ግን ላስጠነቅቅ። የምርምሩን ዝርያ ትከሉ፤ የተፈተነ ነው። ግን የአያቶቻችሁን ቡና ነቅላችሁ አይሁን። የሰው ልጅ ከአንድ ዘር ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ አይቷል። በ1706 ከጃቫ አምስተርዳም የደረሰ አንድ የቡና ተክል ነው በ1714 ልጁ ለፈረንሳዩ ንጉሥ የተሰጠው፤ በ1723 ዴ ክሊዩ የሚባል መኮንን ወደ ማርቲኒክ የወሰደው ችግኝም ከዚያው ዘር ነው። የላቲን አሜሪካ ቡና ብዙው ከዚህ ዓይነት ጥቂት እናቶች ወጣ። እስያም ከጥቂት ዘር የወጣ ቡና ነበር የምትተክለው፤ በ1869 የቅጠል ዋግ ሲሎን ሲገባ የደሴቲቱን ቡና ጠራርጎ አጠፋው፤ ሻይ ተተካበት። እኛ ዘንድ ግን በያዩ ዙሪያ የቡና ደን ያለበት 167 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን አካባቢ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። የማንቆጥራቸው እናቶች እዚያ አሉ። በየጓሯችንም አሉ። የነገው በሽታ ሲመጣ መድኃኒቱ ከእነርሱ በአንዷ ውስጥ ይሆናል፤ የ1971ዱም መድኃኒት ከቢሻሪ ቡና ውስጥ ነበር።

እኔ በዚህ ዓመት ጀምሬአለሁ። በእናቴ ጓሮ ካሉት መካከል ክፉውን ዓመት ያለፉ ሦስት ዛፎች ላይ ጨርቅ አስሬ፣ ለእያንዳንዳቸው ስም ሰጥቼ በደብተር ጽፌአለሁ። የበር ዳሯ ልጆች ይሁኑ አይሁኑ ማረጋገጥ አልችልም። የእነርሱ ልጆች ግን እናታቸው የምትታወቅ ይሆናሉ።

የመቱ፣ የጎሬ፣ የሁሩሙ፣ የያዩ ወገኖቼ፣ እሸቱ ሲቀላ፣ ሁሉንም ወደ መሸጫው ከማውረዳችሁ በፊት ከመልካሟ ዛፋችሁ አንድ እፍኝ ለዩ። ልጆቻችሁ አብረዋችሁ ይዝሩ። መምህራንም የቢሻሪን ታሪክ ለተማሪዎቻችሁ ንገሩ፤ በግቢያችሁም አንድ መደብ ይኑር። እናት ቤት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱና «የትኛዋ ናት መልካሟ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የምትነግራችሁንም ጻፉት። እኔ ሳልጠይቃት ቀርቻለሁና።