ጋኔኑ ለምን ይዘገያል?

ባለፈው ሰሞን ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችን አንዱ፣ ማንጋ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ሲያነብ አምሽቶ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረና «ስድስት ቅጽ ሙሉ ጠብቄ እጅ ለእጅ እንኳ አልተያያዙም!» ብሎ ተማረረ። ታሪኩ የአንድ ወጣትና የአንድ ጋኔን ነው። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ፍቅራቸውም እንደ ተዳፈነ እሳት ውስጥ ውስጡን የሚሄድ ነው። ጃፓኖች ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ቃል ቦይዝ ላቭ ይሉታል። በክፍሉ ከነበርነው ግማሾቻችን ሳቅን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ድሮስ ይህን ምን ብለህ ታነባለህ?» አልነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ክርክሩ ስላልበረደ፣ እኛም በበኩላችን የምናስበውን በዚህ ገጽ ለማቅረብ ወደድን።

ሳያነቡ ለሚፈርዱት አንድ ቃል ብቻ እንበልና እንለፍ። እንዲህ ያለው ፍቅር በአገራችን በሕግም በልማድም የተከለከለ መሆኑን አንዘነጋውም። ዳሩ ግን መጽሐፍ ሳይከፍቱ መዝጋት ከተማሪ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም። ዋናው ክርክራችን ካነበቡት ጋር ነው፤ ይኸውም «ደራሲው ለምን አይቸኩልም?» ከሚሉት ጋር።

እኛ የምንለው፣ በሰውና በጋኔን ታሪክ ውስጥ መዘግየቱ ራሱ ዋናው ጉዳይ ነው። ሁለት ሰዎች ሲፋቀሩ የሚያስጨንቃቸው «ይወደኛል ወይስ አይወደኝም?» የሚለው ነው። ይህን አንድ ደብዳቤ ይመልሰዋል። ጋኔን የወደደ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ አለበት፤ «ነገ ቢርበው ይበላኝ ይሆን?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ የፍቅር ቃል መልስ አይሆንም፤ ጋኔን ሲያባብል የኖረ ፍጡር ነውና። መሳምም ምንም አያስረዳም። የሚያስረዳው ሊጎዳው ሲችል ሳይጎዳው ያለፈው ቀን ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ደግሞ አይበቃም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቅጽ የሚያልቅ የጋኔን ፍቅር ቢኖር ወይ ጋኔኑ ጋኔን አልነበረም፣ ወይ ሰውየው ሞኝ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ያደናግረናል። እኛ ጋኔን ስንል የምናስበው ጠበል ሲረጭበት ጮኾ የሚወጣውን ነው፤ ከእርሱ ጋር ጉርብትና የለም። ኦኒ የሚባለው የጃፓኖቹ ግን ቀንድና ጥርስ ያለው፣ የሚፈራም የሚታወቅም ፍጡር ነው። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ሴትሱቡን በተባለው ዕለት፣ የተቆላ አኩሪ አተር እየተወረወረበት ከቤት ይባረራል፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ጭምብሉን አጥልቆ ኦኒ የሚሆነው አባትየው ነው! ሐማዳ ሂሮሱኬ በ1933 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የጻፉት አንድ የልጆች ታሪክም አለ። ቀዩ ኦኒ ከሰዎች ጋር መወዳጀት ፈልጎ «ሻይም ጣፋጭም አለ፤ ግቡ» ብሎ በደጁ ሰሌዳ ቢያቆም ማንም አላመነውም። ጓደኛው ሰማያዊው ኦኒ አንድ ዘዴ አመጣለት፤ እርሱ መንደሩን ሊያምስ፣ ቀዩ ደርሶ ሊመታውና ሊያባርረው። ዘዴው ሠመረ፤ ቀዩ የሰው ወዳጅ ሆነ። በኋላ ወዳጁን ፍለጋ ሲሄድ ግን ሰማያዊው ወዳጅነታቸው እንዳይታወቅበት ብሎ ደብዳቤ ትቶለት አገር ጥሎ ሄዷል። ቀዩ አነበበና አለቀሰ። ሰዎቹን በአንድ ቀን ያሳመናቸው በውሸት ነበር፤ ዋጋውንም የከፈለው ሰማያዊው ነው። የችኮላን ዋጋ በዚህ ታሪክ ያየ ሰው በስድስት ቅጽ አይማረርም።

አሁን ወደ ማንጋው እንምጣ። በ1972 ሁለት ሥራዎች በአንድ ዓመት ጀመሩ፤ አንዱ በወንድ ልጆች መጽሔት፣ ሌላው በሴት ልጆች መጽሔት። የመጀመሪያው የጎ ናጋይ ዴቪልማን ነው። አኪራ የተባለ ጭምት ወጣት በጓደኛው በሪዮ ግፊት የጋኔን ሥጋ ተዋሕዶ አጋንንትን ይዋጋል። (ያላነበባችሁ ይቅር በሉን።) መጨረሻ ላይ ሪዮ ራሱ ሰይጣን ሆኖ ይገኛል፤ አኪራንም ይወደው ነበር። በመካከሉ ሰዎች አጋንንትን ከመፍራታቸው የተነሣ እርስ በርሳቸው ይተራረዳሉ፤ አኪራ የሚወዳትን ልጅ የገደላት ጋኔን ሳይሆን የሰፈር ሕዝብ ነው። ሥራው ቦይዝ ላቭ አይባልም፤ አምስት ቅጽ ብቻ ስለሆነም እንደ ጎርፍ ይሮጣል። ሰይጣኑ የልቡን የሚናገረው ሙቶ አጠገቡ ለተጋደመው አኪራ ነው። ፍቅሩ የዘገየው በትዕግሥት ሳይሆን በክሕደት ስለነበረ የሚሰማው ጆሮ አላገኘም።

ሁለተኛው የሞቶ ሃጊዮ «የፖ ወገን» ነው፤ ለእኛ የሚበልጠውም ይህ ነው። ኤድጋር በ18ኛው መቶ ዓመት፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ቫምፓየር የሆነ ልጅ ነው፤ ማለትም ደም ይጠጣል፣ አያረጅም። በ1879 አላን የተባለውን ብቸኛ የሀብታም ልጅ አገኘ። መጀመሪያ የፈለገው ለእኅቱ ለሜሪቤል ጓደኛ እንዲሆናት ነበር፤ እኅቱ ከጠፋች በኋላ ግን ብቻውን መኖር ከበደውና በሌሊት በመስኮት መጥቶ አብሮት እንዲሄድ ጠየቀው። አላንም ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የፍቅር ቃል ከመለዋወጥ ይልቅ ከተማ ይለዋውጣሉ፤ አለማደጋቸውን ጎረቤት ሳይነቃ መነሣት አለባቸውና። በ1959 በምዕራብ ጀርመን አገር በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው እናገኛቸዋለን፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ተማሪዎች! ታሪኩም በተራ አይነገርም። አንዱ ክፍል ወደ ፊት ይዘላል፣ ሌላው መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንባቢው የሁለቱን ዝምድና የሚያውቀው የተበተነ ደብዳቤ እንደሚለቅም ሰው ነው። እዚህ የሚዘገየው ደራሲዋ አይደሉም፤ የማይሞቱ ሰዎች ቀን እንዲህ ስለሆነ ነው። በ1976 ያቆሙትን ታሪክ በ2016 እንደገና ቀጠሉት። አርባ ዓመት የጠበቁ አንባቢዎች ስላሉ የእኛ ጓደኛ በስድስት ቅጽ ሊያፍር ይገባዋል።

ስለ ትዕግሥት ከተነሣ የደራሲዎቹም የራሳቸው አለ። ሃጊዮና ኬይኮ ታኬሚያ፣ በሾዋ ዘመን በ24ኛው ዓመት፣ ማለት በ1949 ገደማ፣ ስለተወለዱ «የ24ቱ ዓመት ቡድን» ከተባሉት ሴቶች ውስጥ ናቸው። ታኬሚያ «የነፋስና የዛፍ ዘፈን» የተባለውን ሥራ በ1970 ገደማ አሰቡት። መክፈቻው ሁለት ወንድ ልጆችን በአንድ አልጋ ስለሚያሳይ የመጽሔት አዘጋጆች እምቢ አሉ፤ ደራሲዋም መክፈቻውን አልለውጥም አሉ። ታዲያ ምን አደረጉ? አንባቢ ቢያበዙ አዘጋጆቹ እንደማይከለክሏቸው ዐውቀው «የፈርዖን መቃብር» የተባለ ሌላ ታሪክ ከ1974 ጀምሮ ጻፉ። ያም ተወደደላቸውና የፈለጉት ሥራ በ1976 ወጣ፤ እስከ 1984ም ቀጠለ። (የሚገርመው፣ ታሪኩ ራሱ አይዘገይም፤ የዘገየችው ሴትዮዋ ናት ብንል ይቀላል።) ሃጊዮም በ1974 «የቶማስ ልብ»ን ሲጀምሩ በአንባቢዎች ድምፅ መጨረሻ ስለወጣ አዘጋጁ ሊያቋርጠው ነበር። ያዳነው «የፖ ወገን» ነው፤ የመጀመሪያው ቅጽ 30,000 ታትሞ በሦስት ቀን አለቀ። ይህን ሁሉ «የሥራ ፈት ልጃገረዶች ጨዋታ» የሚሉ ወንድሞቻችን እነዚህን ዓመቶች ቆጥረው ይንገሩን።

ልጃገረዶቹም ቢሆኑ ሥራ አልፈቱም። በዲሴምበር 1975 በቶክዮ የመጀመሪያው ኮሚክ ማርኬት ሲከፈት ራሳቸው ያሳተሙትን መጽሔት ይዘው የመጡ 32 ማኅበሮችና 700 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ናቸው። እኛ ይህችን መጽሔት በቀለም በተጨማለቀ እጅ አባዝተን ስለምናድል ድካማቸውን እናውቀዋለን። ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ነው ያኦይ የሚለው ቃል የወጣው፤ «ጫፍ የለውም፣ መቋጫ የለውም፣ ትርጉም የለውም» ከሚለው የጃፓንኛ አባባል ፊደል ተለቅሞ የተሠራ፣ በራሳቸው ሥራ የቀለዱበት ስም ነው። የእኛ ጓደኛ ተማርሮ የተናገረውን እነርሱ ቀድመው ስቀውበታል።

የሆነ ሆኖ ዝግታ ሁሉ ይወደስ ማለታችን አይደለም። ገበያ የሚያመጣው ዝግታም አለ። ጋኔኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት በር ይንኳኳል፤ በሚቀጥለው ቅጽም እንደገና ይንኳኳል። ይህ እሳት ማዳፈን ሳይሆን ማገዶ መስረቅ ነው። ሁለቱን የምንለይበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ሰውየው ስለ ጋኔኑ አዲስ ነገር ዐውቆ እንደሆነ እንጠይቅ። ጋኔኑ በር ላይ ቆሞ ሳይጋበዝ አለመግባቱ፣ ደም ሸትቶት ፊቱን ማዞሩ፣ ሰውየው ሲተኛ ጀርባውን መስጠቱ፤ እነዚህ ካሉ ታሪኩ እየሄደ ነው። ሌላም ቅሬታ አለን። ጋኔኑ የተገፉ ሰዎች ምሳሌ ነው እየተባለ ሲነገር እንሰማለን፤ እኛን ግን ያሳስበናል። የተገፋው ሰው ሰው አይበላም፤ ጋኔኑ ግን ይበላል። ምሳሌውን የሚወዱ ደራሲዎች የጋኔኑን ጥርስ ሲደብቁ ታሪኩም አደጋውን ያጣል፤ ጥርሱን ሲተዉት ደግሞ የተገፋውን ያማሉ። ዴቪልማን ከዚህ ያመለጠው ሰዎቹንም ጥርስ ስላበቀለላቸው ይመስለናል።

ጓደኛችንን በዚህ ሁሉ አላሳመንነውም። ትናንት ማታ ግን መብራት ከጠፋ በኋላ ወደ አልጋችን ቀረብ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰባተኛው ቅጽ ላይ የደረሰ ሰው እንዳለ ጠየቀን። አለ አልነው። «ተያያዙ?» አለን። አልነገርነውም።