የገብር ኄር ደመወዝ

በገብር ኄር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ አንዲት ልጅ በብጣሽ ወረቀት ጥያቄ ላከች። የቤት ሠራተኛ ነች። ደመወዟን ከተቀበለች ወራት አልፈዋል፤ ስትጠይቅ ትሰደባለች፤ ምን ላድርግ ትላለች። ሰባኪው ወረቀቱን በድምፅ ማጉያ አነበቡትና ይህ መስቀልሽ ነው፣ በየቀኑ ተሸከሚው፣ ራስሽን ካጂ፣ ደመወዝሽ በሰማይ ተጽፎልሻል አሏት። ጉባኤው እልል አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ዐውደ ምሕረት ላይ ወጥቶ ሲሰበክ ያን ዕለት ሰማሁ።

ከጾሙም ከስግደቱም ጠብ የለኝም። ራሱን መካድ የፈለገ ይካድ። እዚህ ግን ራሱን የካደ ሰው አላየሁም፤ የተካደው የልጅቷ ደመወዝ ነው። ሰው የወሰደባትን ነገር እንደ መባዋ ቆጥሮ ማጨብጨብ ከየትኛው ትርጓሜ ቤት የመጣ ትምህርት ነው? እንጦንስ በረሃ የወረደው ከወላጆቹ የወረሰውን መሬት ሰጥቶ ነው። አፄ ካሌብ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው አባ ጰንጠሌዎን ገዳም የገቡት የሚተዉት መንግሥት ስለነበራቸው ነው። ይህች ልጅ ምን ትታ ነው መናኝ የተባለችው? ደመወዟን እንዳንል እሱ በአሠሪዋ፣ በእትዬ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው።

መምህራችን ገድል ይወዳሉ፤ በየስብከታቸው አንድ ሁለት ይጠቅሳሉ። እንግዲያው የክርስቶስ ሠምራን ገድል ለምን ዘለሉት? የቡልጋዋ እመቤት ባለጸጋ ነበረች፤ ባል፣ ልጆች፣ አገልጋዮች የነበሯት። አንድ ቀን በአገልጋይዋ ተቆጥታ የእሳት ትንታግ አፏ ውስጥ ጨመረችባት፤ ልጅቷ ሞተች። እመቤቲቱ አልቅሳ ጸለየች፣ ብታነሣልኝ ዓለምን እተዋለሁ ብላ ተሳለች፤ አገልጋይዋ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ቤቱን ጥሎ የወጣው ማን ነው? ደብረ ሊባኖስ የገባው፣ በጣና ባሕር ውስጥ ቆሞ 12 ዓመት የጸለየው ማን ነው? እመቤቲቱ ናት። ለተቃጠለችው ልጅ ትንታጉን እንደ መስቀል ቁጠሪው ያላት የለም። በየዓመቱ ነሐሴ 24 ወደ ገዳሟ ጓንጉት የሚጎርፈው ምእመን የሚያከብረው ይህንን ታሪክ ነው፤ የእኛ ሰባኪ ግን ገልብጠው አነበቡት።

ቀኑም ራሱ ይታዘባቸዋል። የገብር ኄር ወንጌል ጌታው ለባሮቹ መክሊት አደራ ሰጥቶ ሄዶ ሲመለስ ከእነርሱ ጋር የተሳሰበበት ታሪክ ነው፤ ታማኞቹን በብዙ ሾማቸው፣ ወደ ደስታውም አስገባቸው። ሒሳብ የሌለበት ገብር ኄር አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ መጻጉዕ ነበር። 38 ዓመት አልጋ ላይ የተኛውን ሰው ጌታ አይቶ ተነሣ አለው እንጂ፣ ይህን ያህል ከታገሥክ ሁለት ጨምረህ አርባ ሙላው አላለውም! ጳውሎስስ? ስለ መከራ ከመምህራችን ያነሰ የሚያውቅ አይመስለኝም። የሐዋርያት ሥራ 22 ላይ ሊገርፉት ሲያስሩት ግን ሮማዊን ያለ ፍርድ መግረፍ ተፈቅዶላችኋል ወይ ብሎ የመቶ አለቃውን በሕግ ያዘው። በፊልጵስዩስም ከእስር በስውር ውጣ ሲባል እምቢ አለ፤ ያሰሩት ሹማምንት ራሳቸው መጥተው እንዲያስወጡት ጠየቀ። ልጅቷ ያደረገችው ከዚህ በምን ይለያል? ለዚያውም በትሕትና፣ ስሟን እንኳ ሳትጽፍ ነው የጠየቀችው።

ዐቢይ ጾም እንዲህ ያለች ሠራተኛ ባለችባቸው ቤቶች እንዴት እንደሚያልፍ እናውቃለን። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። ሁሉንም የሠራችው ልጅ እሷም ጾመኛ ነች፤ ጨው መቅመስ ስለማትችል በግምት ነው የምታወርደው። ጨው ከበዛ ትሰደባለች፣ ካነሰም ትሰደባለች። ከዚያ እትዬ ገበታው ላይ ዘንድሮ ጾሙ እንዴት እንደቀለላቸው ያወራሉ። እንዴት አይቅለላቸው! ኢሳይያስ 58 ላይ ነቢዩ የወረደባቸው እኮ ጾም የሻሩ ሰዎች አይደሉም፤ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁ ናቸው።

ልጅቷ ለምን ወደ ሕግ አልሄደችም የሚል ካለ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጦ ይመልከት፤ የግል አገልግሎት ቅጥር ብሎ ከአዋጁ ውጭ ያስቀመጠው እሷን የመሰሉትን ነው። ፍትሐ ብሔሩን ይዛ እንዳትሟገት ደግሞ ጠበቃ የምትቀጥርበት ገንዘብ ያው የተያዘባት ገንዘብ ነው። የቀራት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። እዚያም ቁስሏ ላይ እንጨት ተሰደደበት።

ሰባኪው ለዚያ ጉባኤ የተዋዋሉት አበል ሁለት ቀን ቢዘገይ መስቀሌ ነው ብለው ይሸከሙት እንደሆነ አዘጋጅ ኮሚቴውን መጠየቅ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ስልክ እንደሚደወል እገምታለሁ።

መከራን መስበክ ካማራቸው ለሚገባው ሰው ይስበኩት። እትዬም እዚያው ጉባኤ ውስጥ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ንስሐ አባቶችም ዓሣ ተበላ አልተበላ ብለው የሚመረምሩበትን ጊዜ ትንሽ ቀንሰው ሠራተኛሽን ከፍለሻል ወይ ብለው ቢጠይቁ አዲስ ቀኖና አያስፈልጋቸውም፤ ያዕቆብ በመልእክቱ አምስተኛ ምዕራፍ ስለተያዘው ደመወዝ ጩኸት ጽፎ ጨርሶታል። መልሱም ይታወቃል፤ እያጠራቀምኩላት ነው ይባላል። ደብተሩ ይምጣና በማን ስም እንደተከፈተ እንየው።