«ሁሉም ወቅታዊ ነው» የሚለው ሰርቨር

ባንክም ሆነ ሆስፒታል ሥራውን የሚያካሂድባቸው ሰርቨሮች ዛሬ አንድ በአንድ በእጅ አይዋቀሩም። እንደ አንሲብልና ፐፔት ያሉ መሣሪያዎች አንድ ጊዜ የተጻፈን ትእዛዝ በመቶዎች ላይ ይፈጽማሉ። ሥራው ቀሏል። ስህተትም አንዴ ከገባ መቶ ቦታ ይደርሳል። ከስህተቶቹ ሁሉ ተራ መስሎ ብዙ መዘዝ ያለው ደግሞ ያረጀ ዝርዝር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቢያን ወይም ኡቡንቱ የተጫነበት ሰርቨር የሶፍትዌር ማከማቻውን ዝርዝር አውርዶ ራሱ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ምን አለ፣ ስንተኛው ቨርዥን ነው፣ የት ይገኛል የሚለውን ሁሉ። ከዚያ በኋላ የሚያምነው ይህንን ነው። ማከማቻው ግን ይለወጣል። የደኅንነት ቀዳዳ የተደፈነበት ቨርዥን ይገባል፣ አሮጌው ይነሳል። ዝርዝሩን ያላደሰ ሰርቨር የተነሳውን ፋይል ሲጠይቅ «404፣ አልተገኘም» ይባላል፤ ሥራውም ይቆማል። ባለሙያው ተናዶ «አፕት አፕዴት» ይላል፣ ዝርዝሩ ይታደሳል፣ ነገሩ ያበቃል።

ይህ ችግር ይጮሃል፤ የሚጮህ ችግር ደግሞ ሰሚ አያጣም። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ ዝርዝሩን ማውረድ ሲያቅተው «አፕት» ማስጠንቀቂያ ጽፎ በአሮጌው ይቀጥላል፤ ላዘዘው ስክሪፕትም ብዙውን ጊዜ «ተሳክቷል» የሚል ምልክት ይመልሳል። ስክሪፕት ማስጠንቀቂያ አያነብም። የሚያውቀው ተሳካ ወይም አልተሳካ ብቻ ነው። ከዚያ «ሁሉም ወቅታዊ ነው» የሚል ሪፖርት ይወጣል፣ አለቃም ደስ ይለዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ክፉ ሰው ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማከማቻ ቅጂ የሚያስተናግድ ሰው ሰርቨሮችን በአሮጌ ዝርዝር ላይ አግቶ ማቆየት እንደሚችል አሳይተዋል። የዝርዝሩ ፊርማ ትክክለኛ ነው፤ የቆየ መሆኑን ግን ፊርማው አይናገርም። ደቢያን ዝርዝሩ ላይ የማብቂያ ቀን የሚጽፈው ይህን ለመከላከል ነው። ቀኑ አልፏል የሚል ስህተት ሲመጣ ፍተሻውን አጥፍቶ የሚያልፍ ባለሙያ ግን አይጠፋም። ይህ ሌባ ያስጮኸውን ውሻ ማሰር ነው።

የሚያስከፍለውን ዋጋ ኢኩዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ለአፓቼ ስትራትስ የደኅንነት ማስተካከያ ወጣ። ኩባንያው ፍተሻ አካሄደ፤ ፍተሻው ተጋላጩን ሲስተም አላገኘም። በግንቦት ሰርጎ ገቦች ገቡ፤ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተወሰደ። መንስኤው ያረጀ ዝርዝር አልነበረም፤ በሽታው ግን አንድ ነው፦ «አላየሁም» የሚለውን «የለም» ብሎ መተርጎም።

በሌላ ወገን ያሉ ባለሙያዎች ክርክር አላቸው። ሁልጊዜ ማደስ ኢንተርኔት ይበላል፣ ያልታሰበ ቨርዥንም ያመጣል ይላሉ። እውነት አላቸው። በኢትዮጵያ በሰኔ 2012 ዓ.ም. እንደሆነው ኢንተርኔት ለሳምንታት ሊቋረጥ በሚችልበት አገር የማከማቻውን ቅጂ ቤት ውስጥ ማኖር ብልህነት ነው። ግን አውቆ በታወቀ ቀን ላይ መቆየትና ሳያውቁ ማርጀት ይለያያሉ። የቤቱም ቅጂ መቼ እንደታደሰ የሚጠይቅ ካጣ እሱም ያረጃል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አዲሱ «አፕት» ማደስ ሲያቅተው እንደ ስህተት እንዲቆጥር ማዘዝ ይቻላል፤ ይታዘዝ። ሪፖርቱ ላይም «ወቅታዊ ነው» ከሚለው ጎን የዝርዝሩ ዕድሜ ይጻፍ። ዕድሜው ያልተጻፈበትን ሪፖርት አለቃው አይፈርምበት። ማደስ ያልቻለ ሰርቨር «አልቻልኩም» ቢል ባለሙያውን አንድ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል። «ሁሉም ደህና ነው» እያለ ቢከርም ግን የሚጎዳው ስለ ዝርዝሩ ሰምቶ የማያውቀው ደንበኛ ነው።