የወንጀል ፍትሕ ዲፕሎማ፡- ፖሊስን ማስተማር ብቻውን ፍትሕ ያመጣል?

አሜሪካ ያለ ልጅ “ክሪሚናል ጀስቲስ ልማር ነው” ብሎ ለወላጆቹ ሲነግር፣ ወሬው አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ዘንድ “ሕግ ገባ” ተብሎ ይደርሳል፡፡ እልልታው ባይከፋም ነገሩ ግን ሌላ ነው፡፡ በእኛ አገር ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ነው፡፡ በአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው አስቀድሞ የአራት ዓመት ዲግሪ የያዘ ሰው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ይማራል፡፡ ክሪሚናል ጀስቲስ ወይም የወንጀል ፍትሕ የሚባለው ትምህርት ጠበቃ አያደርግም፡፡ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚያያዙ የሚያስተምር ነው፡፡

ይህ ትምህርት በብዛት ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው፡፡ ክፍያው ከአራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ በብዙ ያነሰ ነው፤ በአብዛኛው የመግቢያ ውድድር የለበትም፤ ቀን ሠርቶ ማታ መማርም ይቻላል፡፡ ሐበሻ በሚበዛበት የዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ “ኖቫ” እየተባለ የሚጠራው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለብዙ ስደተኛ ቤተሰብ የመጀመሪያው የትምህርት በር ናቸው፡፡ ሁለቱም የወንጀል ፍትሕን ያስተምራሉ፡፡

ጉዳዩ ከአንድ ቤተሰብ ምርጫ ያለፈ ነው፡፡ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሕግ የፖሊስ መቀጠሪያ ዝቅተኛ ዕድሜን ከ18 ወደ 21 ከፍ አድርጎ፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹን አስተዳደር ለፖሊሶች አዲስ የዲግሪ ፕሮግራም እንዲያዘጋጅ አዝዟል፡፡ የፖሊስ ጭካኔ መድኃኒቱ በከፊል ኮሌጅ ውስጥ ይገኛል ተብሎ ታምኗል ማለት ነው፡፡ ለመሆኑ ይህ እምነት ምን ያህል ያስኬዳል?

አሮጌ ተስፋ

ተስፋው ዛሬ የተወለደ አይደለም፡፡ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የበርክሌይ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ኦገስት ቮልመር ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለበት ብሎ ሲከራከር ኖሯል፡፡ በ1960ዎቹ የአሜሪካ ከተሞች በአመፅ ሲናጡ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረበው ሪፖርት የመጨረሻው ግብ እያንዳንዱ ፖሊስ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖረው ማድረግ ነው አለ፡፡ በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ለሚማሩ ፖሊሶች የፌዴራል ገንዘብ አፈሰሰ፡፡ ገንዘብ ባለበት ኮሌጅ አይጠፋምና፣ የፖሊስ ትምህርት ክፍሎች በየቦታው ተከፈቱ፡፡

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ1978 ጉዳዩን የመረመረ ብሔራዊ ኮሚሽን፣ ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሥራ ሥልጠናን “ዲግሪ” ብለው የሚሰጡ፣ ጠባብ ናቸው ሲል ወቀሳቸው፡፡ ተማሪው መጥሪያ እንዴት እንደሚሞላ ይማራል፤ መንግሥት ሰውን የመያዝ ሥልጣኑን ከየት እንዳገኘና የት ላይ እንደሚያበቃ ግን በቅጡ ሳይጠይቅ ይመረቃል፡፡ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፡፡

የሚኒሶታ ትምህርት

ለጥያቄያችን መልስ ፍለጋ ከየትም ይልቅ ወደ ሚኒሶታ መሄድ ይሻላል፡፡ ሚኒሶታ ፖሊስ ለመሆን ቢያንስ የሁለት ዓመት ዲግሪ ያስፈልጋል ብላ በማስገደድ ከሌሎቹ ግዛቶች ተለይታ የምትታወቅ ናት፡፡ ጆርጅ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2020 በፖሊስ ጉልበት ሥር የሞተውም በዚያችው ሚኒሶታ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ነው፡፡ የተጠረጠረው በሐሰተኛ የ20 ዶላር ኖት ነበር፡፡

በቦታው ከነበሩት አራት ፖሊሶች ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሲሆኑ፣ ሙሉ ፖሊስ ሆነው ሥራ ከጀመሩ ገና ቀናት ነበር፡፡ በችሎት እንደተሰማው አንደኛው፣ ሰውየውን በጎኑ እናዙረው ወይ ብሎ ጠየቀ፡፡ አዛውንቱ ባልደረባ ዴሪክ ቾቪን ባለበት ይቆይ አለ፡፡ ወጣቱ ደግሞ ጠየቀ፤ ለውጥ አልመጣም፡፡ ጉልበቱ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ አንገት ላይ ቆየ፡፡

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፡፡ ወጣቱ ፖሊስ አላወቀም ማለት አይቻልም፤ ባያውቅ ኖሮ ባልጠየቀ ነበር፡፡ ደንብ አልነበረም ማለትም አይቻልም፤ የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ባልደረባው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲጠቀም ያየ ፖሊስ ጣልቃ እንዲገባ የሚያስገድድ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶ ነበር፡፡ ዲግሪውም ነበር፤ መመሪያውም ነበር፡፡ ያልነበረው አለቃን “ተው” የሚያሰኝ ልማድ ነው፡፡ ኮሌጅ ለዓመታት ያስተማረውን፣ ጣቢያው በቀናት ውስጥ አፈረሰው፡፡

ሕጉ ግን “አለቃዬ ነው” የሚለውን ሰበብ አልተቀበለም፡፡ ቾቪን እ.ኤ.አ. በ2021 በነፍስ ግድያ ተፈረደበት፡፡ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ የፌዴራል ዳኞች ቡድን ሌሎቹን ሦስቱን ለተያዘው ሰው የሕክምና ዕርዳታ በመንፈጋቸው ጥፋተኛ አላቸው፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ጣልቃ ባለመግባታቸውም ተቀጡ፡፡ ጠይቆ ዝም ያለው ወጣትም እስር ቤት ወረደ፡፡

ታዲያ ትምህርቱ ከንቱ ነው?

አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ በሁለት የአሜሪካ ከተሞች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ኮሌጅ የተማሩ ፖሊሶች ኃይል የመጠቀም ዕድላቸው አነስ ያለ መሆኑን አሳይቷል፡፡ በማሰርና በመፈተሽ ረገድ ግን ልዩነት አላገኘም፡፡ ትምህርት ይረዳል፤ ተአምር ግን አይሠራም ማለት ነው፡፡

በዚህ ጸሐፊ እምነት ከትምህርቱ ሁሉ ዋጋ ያለው የሥልጣንን ወሰን የሚያስተምረው ክፍል ነው፡፡ ያለአግባብ በተደረገ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በግዛት ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ የከለከለው የ1961ዱ የማፕ ውሳኔ፣ ለድሃ ተከሳሽ ጠበቃ እንዲቆም ያዘዘው የ1963ቱ የጊዲዮን ውሳኔ፣ የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብቱ ይነገረው ያለው የ1966ቱ የሚራንዳ ውሳኔ እዚያ ይነበባሉ፡፡ እነዚህን እንደ ጸሎት የሸመደደ ሳይሆን ምክንያታቸውን የተረዳ ተማሪ ያስፈልጋል፡፡

ለወላጆችም ሦስት ነገር እንበል፡፡ አንደኛ፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም፡፡ ለሥራ የተዘጋጀውና ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለማዛወር የተዘጋጀው ይለያያሉና፣ ነገ ሕግ ለመማር የሚያስብ ልጅ ክሬዲቱ የሚዛወርለትን መምረጥ አለበት፡፡ ሁለተኛ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሁሉ ፖሊስ መሆን አይችልም፡፡ እንደ ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ ያሉ ግዛቶች በቅርብ ዓመታት የዜግነት ግዴታን ቢያነሱም፣ ብዙ ቦታ ግን ዜግነት ይጠየቃል፡፡ ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ወደ ፖሊስነት ብቻ አይወስድም፡፡ የፍርድ ቤት ሠራተኛ፣ በገደብ የተለቀቁ ሰዎችን የሚከታተል፣ የወንጀል ተጎጂዎችን የሚረዳ ባለሙያም ከዚያ ይወጣል፡፡

ብዙዎቻችን ፖሊስን ያወቅነው በር ሲደበድብ ነውና፣ ልጃችን ያን ልብስ እንዲለብስ አንሻም፡፡ ነገር ግን በአንድ የሐበሻ ቤት በእኩለ ሌሊት ጠብ ተነስቶ ፖሊስ ሲጠራ፣ እንግሊዝኛ የሚችለው ባል ብቻ ከሆነ የሚሰማው የማን ቃል ነው? ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት አገልግሎት በአማርኛም እንዲሰጥ ወስናለች፡፡ ሕጉ ቢኖርም ቋንቋውን የሚናገር ሰው ከወንበሩ ላይ ከሌለ ሕጉ ብቻውን አይናገርም፡፡

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል፡፡ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፡፡ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ፖሊሶቻችንም በዲግሪ ይመረቃሉ፡፡ ከሚኒሶታ የምንማረው ግን ወረቀት ሲበዛ ፍትሕ አብሮ እንደማይበዛ ነው፡፡ ተመራቂው “ይህ ሕገ ወጥ ነው” ሲል የሚሰማው አለቃ፣ ካልሰማም የሚጠይቀው ፍርድ ቤት ሊኖር ይገባል፡፡

አበው “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በአንዲት የ20 ዶላር ኖት ሰበብ፣ ያለ ፍርድ የሄደው ግን ጭብጦ ሳይሆን ሰው ነበር፡፡