የባህል ዘፈን መድረክ ይሻል

ድሬዳዋ የሠራተኛ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ በደረሰ ጊዜ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ሰፈሩባት። በቅርቡም የተሠራውና በ2014 ዓ.ም. ነጻ የንግድ ቀጠና የሆነው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችን ይጠራል። ሠራተኛ ግን ጉልበቱን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ዘፈኑና ጭፈራውም አብረውት ይመጣሉ።

አንዳንድ ሰዎች «ዘፈን በየስልኩ ሞልቶ ሳለ መድረክ ለምን ያስፈልጋል?» ይሉ ይሆናል። ይህ አስተያየት የከተማዋን ታሪክ ይዘነጋል። በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬዳዋ የተቋቋመው የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን፣ የኦሮምኛ ዘፈን በአደባባይ እምብዛም ቦታ ባልነበረው ዘመን፣ በየሠርጉ ቤት እየተገኘ ይጫወት ነበር። ቡድኑ በባለሥልጣናት ጫና ቢበተንም፣ በልጅነቱ ከቡድኑ ጋር መዝፈን የጀመረው ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ታላቅ ድምፃዊ ሆኖ ኖረ። በአውሮፓም ብዙ ግፍ የደረሰባቸው ሮማኒ የተባሉት ሕዝቦች ሙዚቃቸውን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉት በሠርግና በበዓል ላይ በመጫወት ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ የተቀረጸ ዘፈን ድምፅን ያቆያል እንጂ ዘፋኝን አያፈራም። ዘፋኝን የሚያፈራው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚቀበለውና የሚያጨበጭብለት ሕዝብ ነው። ስለሆነም በቀጠናው ያሉ ድርጅቶች በበዓል ቀን ለሠራተኞቻቸው መድረክ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። እስክስታ የሚያውቀው ሸጎዬን፣ ሸጎዬ የሚያውቀውም እስክስታን ከባልደረባው ይማራል። አብሮ የጨፈረ ሰው ደግሞ በማግስቱ አብሮ መሥራት አይከብደውም።